የመርሳውን ሰውዬ ፍለጋ

የቅዳሜ ጓደኞቼ ከመርሳ ምን ይዤ እንደተመለስኩ በየተራ እየደወሉ ስላስቸገሩኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ። መርሳ የምትባለውን የወሎ ከተማ ለማያውቅም ሰው ይጠቅመው ይሆናል፤ ቢያንስ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ምን መጫን እንደሌለበት ይማራል።

ስድስት ነን። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት እንሰበሰብና ሌላ ሰው የማይሰማውን ሙዚቃ እንሰማለን። አንዱ ለጥቂት ሰው ብቻ የታተመ ሸክላ ያመጣል፤ ሌላው የታወቀ ዘፈን አንድ ስሙ የማይጠራ ባንድ እንደገና ሲጫወተው አግኝቶ ያሰማናል። ያገኘነውን ሙዚቃ ታክሲ ውስጥ ከሰማነው ግን በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አናነሳውም። ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሚስቴ ጥርሱም ሸክላውም አቧራ ነው ትላለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ምናለሽ ተራ አንዲት ትንሽ ሸክላ አገኘሁ። መሃሏ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይጥ ግማሹን በልቶት «ዘ» የምትል ፊደል ብቻ ተርፋለች። የወረቀት ልባሷ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «መርሳ» ብሎ ጽፏል። ቤቴ ወስጄ ሳጫውታት ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል የወንድ ድምፅ አምባሰል ይዘፍናል። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ከኋላው ከበሮ የሚመስል ነገር እንደ ቀብር ይመታል፤ በየመሃሉም ጅብ የሚመስል ይጮኻል።

እንዲህ አይነት ነገር ሰምተን አናውቅም ነበር። ስሙን ስላላወቅነው «የመርሳው ሰውዬ» አልነው። ቀድቼ ለሁሉም ላክሁላቸው። ግጥሙንም በብዙ ድካም እንዲህ ብለን ለየነው፦

«መጣሁ ብሎ ቀረ፣ ጠብቂኝ እንዳለ፣
ወጥተን ለመንንለት፣ ደስታው ግን እዚህ አለ።»

ዘፋኙ ወንድ ሆኖ ለምን «ጠብቂኝ» ተባለ ብለን ሁለት ቅዳሜ ተከራከርን። አንዱ ጓደኛችን ስለ «ደስታው» ሦስት ገጽ ጻፈ። ከመካከላችን የምር ሙዚቀኛ የሆነችው ሄለን ደግሞ ከባንዷ ጋር ዘፈኑን እንደገና ተጫወተችው፤ ጅቡን ከጊታሯ ለማውጣት ብቻ አንድ ሳምንት ፈጅቶባታል። በጥቂት ቅጂ በሸክላ ሊታተም ተዘጋጅቶ፣ ውጭ አገር ያለው ማተሚያ «የመጀመሪያውን ዘፋኝ ስምና ፈቃድ እስከ ዓርብ ላኩ» አለ።

«ያገኘኸው አንተ ነህ። ሂድና ሰውዬውን ፈልግ» አለችኝ ሄለን። «ሞቶ ከሆነ ልጆቹን ፈልግ።»

ሰኞ

ሳይነጋ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሳን። ማጫወቻዬን በሻንጣዋ ጭኔ ላይ ይዣለሁ፤ ሸክላዋ ደረቴ ላይ በቦርሳ ተንጠልጥላለች። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ሻንጣዋን አይተው ምን እንደሆነች ጠየቁኝ።

«የሸክላ ማጫወቻ ናት።»

«ሸክላ ከሆነች አትሰበርብህም?» አሉና ጋቢያቸውን አጥፈው ከሥሯ አደረጉላት። እስከ ደሴ ድረስ ጀበና የያዝኩ መስሏቸው በየጎድጓዳው «ቀስ በል!» እያሉ ሾፌሩን ተቆጡልኝ። ላርማቸው ብዬ ነበር፤ ግን ማጫወቻዬ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጠባቂ አግኝታ ስለማታውቅ ዝም አልኩ።

ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጥርሴን አንቀጫቀጨው፤ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝቼ ከአዛውንቱ ጋር ተካፈልን። እሳቸው በድዳቸው እኔ በጥርሴ እያኘክን ቀድመው ጨረሱ። ሙያዬን ትንሽ ተጠራጠርኩ።

ደሴ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ያደርኩበት ሆቴል ሙቅ ውሃ እንዳለው ደጋግሜ ጠይቄ «አለ» ተብያለሁ። ቧንቧው ግን የሚያወርደው የተራራ ውሃ ነው። ቅሬታዬን ላሰማ ስወርድ ባለቤትየው በጀሪካን የፈላ ውሃ ይዘው ደረጃውን ሲወጡ ተገናኘን። «አለ ስል ቧንቧው ላይ አላልኩህም እኮ» አሉኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ሙቅ ውሃውም ሰውየውም አይኖሩም።

ማክሰኞ

ከደሴ በሚኒባስ ወጣን። ረዳቱ ቦታ ጠበበ ብሎ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አሰረው። «ተሰባሪ ነው» ስለው «እኔም ተሰባሪ ነኝ» አለኝ። ሐይቅን አለፍን፣ ውጫሌን አለፍን፣ ውርጌሳ ላይ አንድ ገበሬ ሙክት ይዘው ተሳፈሩ። ሙክቱም ጣሪያ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ በኩል ቢጫ ነገር ሲንጠባጠብ አየሁ፤ ዝናብ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር።

መርሳ ሞቃት ናት። ከደሴ የለበስኩትን ሹራብ አውልቄ ሻንጣዬን ስከፍት ውስጧ ኩሬ ሆኗል። የማጫወቻዋ ክንድ ተሰብሯል፤ ሞተሯ ርሷል፤ ክዳኗ ላይ የሙክቱ ኮቴ በግልጽ ታትሟል። ባለ ሙክቱ ገበሬ ከእኔ በላይ ደነገጡ። «ወላሂ በጉ ሲወለድም ነውረኛ ነው!» እያሉ ይቅርታ ጠየቁኝ። በጉ ሣር መጋጥ ጀምሯል።

ማጫወቻ ባይኖረኝም አፍ አለኝ ብዬ ገበያ ወጣሁና ፓፓያ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጠየቅሁ። «ድሮ እዚህ አገር የሚዘፍን፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲዘፍን የሚያለቅስ የሚመስል ሰው ታውቂያለሽ?»

ጎረቤቷን ጠራች፤ ጎረቤቷ ሌላዋን። ሦስቱ ተማከሩ። «ወፍራም ድምፅ ያለው የኛ ቤት አህያ ነው» አለች አንደኛዋ በመጨረሻ። «ግን ሸክላ አላስቀረጸም።» ስቀው ሲያበቁ ግን አዘኑልኝና ፓፓያ ቆርጠው አበሉኝ። አዲስ አበባ ፓፓያ እያልን የምንበላው ነገር ምን እንደሆነ አሁን አላውቅም። ከዚያም «የድሮ ዕቃ ከሆነ ሰይድ ራዲዮ ያውቃሉ» ብለው መንገዱን አሳዩኝ።

ጋሼ ሰይድ ዕድሜያቸው ሰማንያ የሚጠጋ የራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ሱቃቸውን ዘግተዋል፤ መፍቻዎቻቸው ግን በተራ እንደተሰቀሉ አሉ። ማጫወቻዬን ከፍተው አሸተቱ።

«ይኼ የኤሌክትሪክ ብልሽት አይደለም» አሉ።

«ምንድን ነው?»

«በግ ነው።»

የት እንደማድር ሲጠይቁኝ አልጋ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ባለቤታቸው እትየ ፋጡማ ከውስጥ ሆነው ሰምተው ወጡ። «አልጋማ እኛ ቤት አለ፤ አብሽር» አሉና ቦርሳዬን ከእጄ ወስደው ገቡ። ሸክላዋ ቦርሳው ውስጥ ስለነበረች ተከትያቸው ከመግባት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ለእራት የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበ። እኔ የጤፍ ልጅ ነኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች በጥንቃቄ ዋጥኳቸው፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልቆጠርኳቸውም። እትየ ፋጡማ ቆም ባልኩ ቁጥር «አፈር ስሆን ብላ!» ይላሉ።

ረቡዕ

ጠዋት ጋሼ ሰይድ ሲናገሩ ጥርሳቸው ቃ፣ ቃ እንደሚል አስተዋልኩ። ሰው ሠራሽ ነው፤ የላይኛው አልገጠመም። ሥራዬን ነገርኳቸው።

«ለምን ትናንት አልነገርከኝም?» ብለው እዚያው አውልቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ከመሣሪያቸው ውስጥ ለስላሳ ሞረድ መረጥኩና እያስገባሁ እያወጣሁ፣ እየፋቅሁ እያጠብኩ አስተካከልኩት። አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ድምፅ የለም።

«ፋጡማ!» ብለው ተጣሩ። «ነይ ስሚ! ዝም አለ!»

«አንተንም እንደሱ ያድርግህ» አሉ እትየ ፋጡማ ከውስጥ።

ጋሼ ሰይድ በዚህ ደስታ ተነስተው ከቁም ሳጥን ጀርባ የራሳቸውን ማጫወቻ አወጡ። መርፌ አልነበራትም፤ ከእኔዋ መርፌዋን ነቅለው ገጠሙላት። ሸክላዋን ከልባሷ አውጥቼ አስቀመጥኩ።

«ቀርፋፋው ላይ ያድርጉት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«የቱ ቀርፋፋ?»

«ሠላሳ ሦስቱ።»

ሸክላዋን አንስተው በጣታቸው ለኳት፤ ከዚያም ሰው ጫማውን ገልብጦ አድርጎ ሲያዩ እንደሚያዩት አዩኝ። «ይቺ ትንሿ ናት። በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ ነው የምትዞረው። ማን ነው ሠላሳ ሦስት ያለህ?»

ማንም አላለኝም። የኔ ማጫወቻ የፍጥነት መቀየሪያዋ ከተሰበረ ዓመታት አልፈዋል፤ ሁሉንም ነገር የምታዞረው በአንድ ፍጥነት፣ በቀርፋፋው ነው። ትልልቆቹን ሸክላዎች ብቻ ስለምሰማ አስቸግራኝ አታውቅም። ይቺን ትንሿን ስቀዳ ግን አላሰብኩም። ስድስት ሙዚቃ አዋቂ ነን ባዮች ሁለት ዓመት ሙሉ አላሰብንም።

ጋሼ ሰይድ መቀየሪያዋን ገፋ አድርገው መርፌውን አሳረፉ።

ከማጫወቻዋ የወጣችው ሴት ናት። ያውም ቀልጣፋ፣ ሳቅ ሳቅ የሚላት ወጣት ሴት! ከበሮ ያልነው ጭብጨባ ነው። ጅቡ እልልታ ነው። ሄለን ሳምንት ሙሉ ከጊታሯ ስትጎትት የነበረው የሠርግ እልልታ! ግጥሙም እንደ ጠራ ውሃ ተሰማ፦

«መጣሁ ብሎ ቀረ፣ ጠብቂኝ እንዳለ፣
ወጡን በላንለት፣ ድስቱ ግን እዚህ አለ።»

ድስቱ! ጓደኛችን ሦስት ገጽ የጻፈው ስለ ድስት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ጋሼ ሰይድ ግን ትከሻቸውን እየሰበቁ ነበር። እትየ ፋጡማ እጃቸው ዱቄት እንደነካ ከጓዳ ሮጠው ወጡ።

«ያ ረቢ! ይቺ ዘነቡ አይደለችም?»

«የቷ ዘነቡ?» አልኩ።

«የይመር ልጅ! በየሠርጉ የምታስቀን! ወልዲያ ልጇ ጋ ናት እኮ፣ በሕይወት አለች!»

እኔ በስልኬ ዘፈኑን በትክክለኛው ፍጥነት ስቀዳ፣ እትየ ፋጡማ በስልካቸው ለዘነቡ ልጅ ደወሉ። ከሰዓት በኋላ ሄለን ደጋግማ ደወለችልኝ። አላነሳሁም። ምን እላታለሁ? «ሰውዬው ተገኝቷል፤ ሴት ነው፤ እያለቀሰ ሳይሆን እየቀለደ ነበር» ልበላት?

ሐሙስ

ጋሼ ሰይድ በአዲሱ አፋቸው መርቀው ሸኙኝ። እትየ ፋጡማ ማንጎ በፌስታል አስያዙኝ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ፌስታሉን ጣሪያ ላይ ላድርግልህ ያለኝን ረዳት በዓይኔ ብቻ መለስኩት። ሲሪንቃ ላይ በእርሻ ምርምር ጣቢያው ማሳ ዳር አለፍን። እያንዳንዱ መደብ ፊት ትንሽ ምልክት ተተክሎ የተዘራው ምን እንደሆነ ተጽፎበታል። እዚህ ማሽላ እንኳ ሳይጣራ ስም አይሰጠውም ብዬ አፈርኩ።

ወልዲያ መናኸሪያ የእትየ ዘነቡ ልጅ ሀዋ ጠበቀችኝ። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው፤ የወልዲያ ሰው «እዚህ ጋ ነው» ካለ ትንፋሽ ማጠራቀም ያስፈልጋል። እናቷ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ፈጣን። ተነስተው ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

«አንተ ነህ አሉ ወንድ ያደረግኸኝ?» አሉኝ። ፋጡማ ሁሉንም ነግረዋቸዋል።

መጀመሪያ የራሳቸውን ድምፅ በትክክለኛው ፍጥነት ከስልኬ አሰማኋቸው። የራሳቸው ቅጂ ከብዙ ዕቃ ጋር፣ በጦርነቱ ጊዜ ቤት ጥለው በወጡ ወቅት ጠፍቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ድምፃቸውን አልሰሙትም። ምስሩን አቁመው አዳመጡ፤ እልልታው ላይ ሳቁ። «ያቺ እልል የምትለው ከፋይ የምትባል አክስቴ ናት። ዝም በይ ብትባል ዝም አትልም ነበር» አሉ።

ቀጥሎ የእኔን ጥፋት፣ በቀርፋፋው የተቀዳውን፣ አሰማኋቸው።

«ይኼ ማን ነው ሞቶ የሚዘፍን?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሀዋ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። የሄለንን ሳላሰማ ልሄድ ፈለግሁ። ግን ለዚያ ነበር የመጣሁት፤ ከፈትኩት። ጊታሩ ቀስ ብሎ ገባ፣ ጅቡ ጮኸ፣ ሄለን «መጣሁ ብሎ ቀረ» ብላ ጀመረች። እትየ ዘነቡ እስኪያልቅ አልሳቁም። ሲያልቅ «ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

«ይቺ ልጅ የምሯን ነው የምትጠብቀው» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልን፣ እትየ። ቀልዱን አበላሸነው።»

«ቀልድ ነው ያለህ ማን ነው?»

ሀዋ ቀና ብላ አየቻቸው። እሳቸው ምስሩን እንደገና መልቀም ጀመሩ፤ እየለቀሙም ነገሩኝ።

«የራሴ ሠርግ ነበር። ተደግሷል፣ ሰው ሞልቷል። ሙሽራው እመጣለሁ ብሎ ልኳል። ቀትር ሆነ፣ ፀሐይ አዘነበለች፣ የለም። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ቀና አይልም። እሱን እንዲያ ሆኖ ሳየው አላስቻለኝም። ከተቀመጥኩበት ተነሳሁና ያቺን ዘፈን አወጣኋት። ወጡን ብሉ፣ ድስቱ አለ ብዬ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አክስቴ እልል አለች። ለቅሶ ሊሆን የነበረው ቤት ሠርግ ሆኖ አመሸ። ከዚያ በኋላ በየሠርጉ ‹ያቺን የድስት ዘፈን› ይሉኝ ጀመር፤ አንድ ነጋዴም ከነአክስቴ አዲስ አበባ ወስዶ አስቀረጸኝ።»

«እማ፣ ይኼን እኮ ነግረሽኝ አታውቂም» አለች ሀዋ።

«ሌላ አባት አገኘሁልሽ አይደል፤ ምን ያደርግልሻል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ያን ቀን ቁጭ ብዬ ማዘን ብችል ኖሮ እንደዚች ልጅ ነበር የምለው። ጊዜ አልነበረኝም። ደውልላት።»

ሄለን በአንድ ጥሪ አነሳች። «ሰውዬው ሞቷል እንዳትለኝ!» አለች። ስልኩን ለእትየ ዘነቡ ሰጠሁ።

«ሰውዬው እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሏት።

እትየ ዘነቡ አስረዷት፣ አሳቋት፤ ከዚያ ግን ኮስተር አሉ። «ቀስ ብለሽ መዝፈንሽን ወድጄዋለሁ፣ እንዳትነኪው። ጅቡም ይሁን። ደስታውን ግን ተዪውና ድስቴን መልሺልኝ። ወጡንም መልሺ፤ እኔ ማንንም ወጥቼ አልለመንኩለትም።»

«እመልሳለሁ፣ እማማ። ስምዎትን ማን ብለን እንጻፍ? ወረቀቱ ላይ ‹ዘ› ብቻ ነው ያለው።»

«ዘነቡ። ከአባቴ ስም ጋር ጻፉት። ይመር።»

«አልሰማሁም፣ ማን?»

ኔትወርኩ ይቆራረጣል። እትየ ዘነቡ ተነስተው በረንዳው ጫፍ ሄዱና ስልኩን እንደ ማይክሮፎን ይዘው ጮኹ። «ይመር! ይ! መር!» የጎረቤት ሴትዮ ምን ሆናችሁ ብላ አጥሩ ላይ ብቅ አለች። «አባቴን እያስመዘገብኩ ነው!» አሏት።

ከመሄዴ በፊት ሸክላዋን ከልባሷ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። እውነት ለመናገር ልለያት አልፈለግሁም ነበር። ተቀብለው አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። «ማጫወቻ የለኝ፣ ምን ላደርጋት ነው? ለድስት ክዳን? ድምፄን ሀዋ ስልክ ላይ አድርግልኝ፤ ይበቃኛል።» እንዳላፍር ብለው ያሉት ይመስለኛል። አድርጌላት ወጣሁ።

ዓርብ

ዓርብ ወደ ደሴ ስመለስ ሄለን ስሙንና ፈቃዱን ልካለች፤ ዘፈኑንም እንደገና እስክትዘፍነው እንዲጠብቋት ለምናለች። ሦስቱን ገጽ የጻፈው ጓደኛችን ግን ድስት ከደስታ የጠለቀ ምሳሌ ነው ብሎ አራተኛ ገጽ ጀምሯል።

የሄለን ሸክላ ከጥቂት ወራት በኋላ ታትሞ ደረሰን። አንዷን ቅጂ በመልእክት ወደ ወልዲያ ላክሁ። ማጫወቻ ስለሌላቸው ምን እንዳደረጓት ለማወቅ ለሀዋ ደወልኩ።

«ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች» አለችኝ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር መሃሏ ላይ ያለውን አንብቢልኝ ትለኛለች። ‹ዘነቡ› ስል ዝም ትላለች። ‹ይመር› ስል፣ ‹አዎ፣ አባቴ ነው› ትላለች።»